በአሸዋ ላይ የቆመ ትምህርት ቤት

በአሸዋ ላይ ስለ ተሠራው ቤት በወንጌል የተነገረውን ምሳሌ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። የዚያንም ቤት መጨረሻ ሁላችንም እናውቃለን። በምዕራብ አፍሪካ ግን ስሙንም ወለሉንም ከአሸዋ ያገኘ፥ ይሁን እንጂ ነፋሱም ጎርፉም ሳይጥለው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ አንድ ትምህርት ቤት አለ። በፈረንሳይኛ «ኤኮል ዴ ሳብል» ይባላል፤ ትርጓሜውም «የአሸዋ ትምህርት ቤት» ማለት ነው። የሚገኘው በሴኔጋል፥ ከዋናው ከተማ ከዳካር ወደ ደቡብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር በተቀመጠችው፥ ቱባብ ጃላው በምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። የሚሰጠውም ትምህርት ዳንስ ነው።

«ዳንስ ደግሞ ትምህርት ቤት ምን ያደርግለታል? ሰው ከእናት ከአባቱ፥ በሠርግና በዓመት በዓል እያየ ይለምደው የለምን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም ከዚሁ ጥያቄ ይነሣል። የትምህርት ቤቱ መሥራቾች ዕድሜያቸውን የፈጁት፥ አፍሪካዊ ከእናት ከአባቱ የሚወርሰው ውዝዋዜ ሕግና ሥርዓት፥ ስምና ሰዋስው ያለው ዕውቀት መሆኑን ለማስረዳት ነውና።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በዚያው በሴኔጋል፥ ይህንኑ ትምህርት ለማስተማር፥ አንድ የአገር መሪና አንድ በዓለም የታወቀ የአውሮፓ የዳንስ ሊቅ ተባብረው ትልቅ ተቋም አቋቁመው ነበር። ያ ተቋም ከአምስት ዓመት በላይ ሊቆይ አልቻለም። ባልና ሚስት በባሕር ዳር መንደር ያቆሙት ግን እስከ ዛሬ ተማሪዎችን ይቀበላል። ይህ እንደምን ሊሆን ቻለ? መልሱን ለማግኘት ታሪኩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አያቲቱና አባትየው

የትምህርት ቤቱ እናት ወይዘሮ ዤርሜን አኮኚ ይባላሉ። የተወለዱት በ1944 ዓ.ም. ዛሬ ቤኒን በምትባለው፥ በዚያን ጊዜ ግን በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ሆና ዳሆሜ ትባል በነበረችው አገር ነው። የአባታቸው እናት አሎፎ የዮሩባ ሰው ሲሆኑ የቮዱን እምነት ካህን ነበሩ። በዚያ እምነት ዳንስ ለጨዋታ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ሰው ከአማልክቱና ከሙታኑ ጋር የሚነጋገርበት ሥርዓት ነው። ስለዚህ እኚህ አያት የዳንስ ሊቅ ነበሩ ቢባል ስሕተት አይሆንም። የልጅ ልጃቸው በዓይን ሳያዩዋቸው ዳንሱን ከእሳቸው እንደ ወረሱት ይናገራሉ።

አባታቸው ቶጉን ሰርቬ አኮኚ ደግሞ ሌላ መንገድ የያዙ ሰው ነበሩ። የክርስትናን እምነት ተቀብለው በቅኝ ገዢው መንግሥት የአስተዳደር ሠራተኛ ሆኑ። አያት በከበሮና በአማልክት፥ አባት በብዕርና በመዝገብ! ልጅቱ በእነዚህ በሁለቱ መካከል አደጉ። ገና ልጅ ሳሉም ቤተ ሰቡ ወደ ሴኔጋል ስለ ተዛወረ አገራቸው ሴኔጋል ሆነ። ይህ በአያትና በአባት መካከል ያለ ክርክር ከልባቸው እንዳልወጣ የሚታወቀው፥ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ በ2015 ዓ.ም. ስለ አያታቸውና ስለ አባታቸው አንድ የብቻ የመድረክ ሥራ ማቅረባቸው ነው። አባታቸው ጽፈውት ያለፉትንም ማስታወሻ የሥራው መሠረት አድርገውታል።

በ1960ዎቹ ዓመታት ወጣቷ ዤርሜን ወደ ፓሪስ ሄደው በሲሞን ሲዬጌል ትምህርት ቤት የሰውነት ማጠንከሪያና የጂምናስቲክ ትምህርት ተማሩ። በዚያ የባሌ ዳንስም ቀምሰዋል። ነገር ግን የባሌ ሕግ የተሠራው ለሌላ ዓይነት አካል ነው፤ ቀጥ ያለ ጀርባ፥ የጠበበ ዳሌ፥ ከመሬት ለመነሣት የሚጣጣር እግር ይፈልጋል። የእሳቸው እግር ግን መሬቱን መርገጥ ይወድ ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «እኔ ለዳንስ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይተወዋል። እሳቸው ግን ነገሩን ገልብጠው ጠየቁ፤ «ይህ ሕግ ለእኔ አካል ካልተስማማ፥ ለእኔ አካል የሚስማማው ሕግ የቱ ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ ለዚህች ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ሴኔጋል ተመልሰው የሰውነት ማጠንከሪያ አስተማሪ ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ በዳካር የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዳንስ ማስተማሪያ ስቱዲዮ ከፈቱ። የምዕራብ አፍሪካን ባህላዊ ውዝዋዜ ከፓሪስ ካገኙት የሥልጠና ዘዴ ጋር እያስማሙ፥ እንቅስቃሴውን አንድ በአንድ እየለዩ፥ ለእያንዳንዱ ስም እየሰጡ ያስተምሩ ጀመር።

የፕሬዚዳንቱ ትምህርት ቤት

በዚያን ጊዜ የሴኔጋል ፕሬዚዳንት ሌኦፖልድ ሴዳር ሴንጎር ነበሩ። ሴንጎር ባለ ቅኔ እንደ ነበሩ፥ የጥቁር ሕዝብ ባህል ክብር ይገባዋል የሚለውን «ኔግሪቲዩድ» የተባለ አስተሳሰብ ካስፋፉት ሰዎችም አንዱ እንደ ሆኑ አንባቢ ያውቃል። በ1966 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም የጥቁር ሕዝቦች የኪነ ጥበብ በዓል በዳካር የተደረገው በእሳቸው አሳቢነት ነው።

ሞሪስ ቤዣር የተባለው ፈረንሳዊ የዳንስ ደራሲ በ1970 ዓ.ም. በብራስልስ «ሙድራ» የሚባል የዳንስ ትምህርት ቤት አቋቁሞ ነበር። ሴንጎርና ቤዣር ተስማምተው የዚህን ትምህርት ቤት ወንድም በ1977 ዓ.ም. በዳካር «ሙድራ አፍሪክ» በሚል ስም ከፈቱ። የበላይ ኃላፊ ሆነው የተመረጡት ወይዘሮ ዤርሜን ናቸው። ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ወጣቶች መጡ። ከታላላቆቹ ከበሮ መቺዎች አንዱ የሆኑት ዱዱ ንዲያይ ሮዝ የምት ትምህርት ሰጡ። ወይዘሮ ዤርሜን በ1980 ዓ.ም. የትምህርታቸውን ዘዴ «የአፍሪካ ዳንስ» በተባለ መጽሐፍ አሳተሙ። እስከዚያ ቀን ድረስ በእግርና በትከሻ ብቻ ሲተላለፍ የቆየው ዕውቀት በሥዕልና በቃል ተገልጾ በመጽሐፍ ታተመ።

ነገር ግን ሴንጎር በ1980 ዓ.ም. መጨረሻ ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ገንዘቡ እያነሰ ሄደ። በ1982 ዓ.ም. ሙድራ አፍሪክ ተዘጋ።

ይህን ሲሰማ «በከንቱ ቀረ» የሚል ሊኖር ይችላል። በከንቱስ አልቀረም። ከተማሪዎቹ አንዷ የቡርኪና ፋሶዋ ኢሬን ታሴምቤዶ ታላቅ የዳንስ ደራሲ ሆና በ2009 ዓ.ም. በአገሯ በዋጋዱጉ የራሷን የዳንስ ትምህርት ቤት ከፍታለች። ቢሆንም አንድ ትምህርት ግልጽ ሆኖ ወጣ። በሁለት ትላልቅ ሰዎች ስም ላይ የቆመ ቤት ሰዎቹ ዘወር ሲሉ ይወድቃል። በመሥሪያ ቤት ያለን ሰዎች ይህ አይጠፋንም። አለቃው ያቀደው ሥራ አለቃው ሲዛወር አብሮ እንደሚዛወር ስንት ጊዜ አይተናል!

ባልና ሚስት

የሙድራ አፍሪክ በር ሲዘጋ ወይዘሮ ዤርሜን ወደ አውሮፓ ሄደው ከቤዣር ጋር በብራስልስ ሠሩ። ከዚሁ ጋር በደቡብ ሴኔጋል በካዛማንስ አውራጃ ፋንጉሜ በምትባል መንደር ለውጭ አገር ዳንሰኞች ትምህርት ይሰጡ ነበር። አውሮፓዊው ተማሪ ዳንሱን ከመማሩ በፊት ዳንሱ የሚኖርበትን ሕይወት ይይ፤ ውሃውን ይቅዳ፥ እህሉ ሲወቀጥ ይስማ፤ ይህ ነበር ሐሳባቸው። የመንደር ትምህርት ቤት ፍሬ ነገር የተዘራው በዚህ ጊዜ ነው።

ሄልሙት ፎግት የሚባለው ጀርመናዊ ወደ ታሪኩ የሚገባው በእነዚህ ዓመታት ነው። ሁለቱ ተጋቡ። በ1985 ዓ.ም. በፈረንሳይ በቱሉዝ ከተማ «የሦስተኛው ዓለም» የሚል ስም የሰጡትን የዳንስና የቲያትር ስቱዲዮ በጋራ አቋቋሙ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሥራ ክፍፍላቸው የታወቀ ሆነ። ሚስት ያስተምራሉ፥ ይደርሳሉ፥ በመድረክ ይቆማሉ። ባል ደብዳቤ ይጽፋሉ፥ ገንዘብ ይፈልጋሉ፥ ሒሳብ ይይዛሉ፥ ግንባታ ይቆጣጠራሉ። ስለ ኪነ ጥበብ ሲወራ የሁለተኛው ዓይነት ሥራ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ግን ያለ እሱ አንድም ትምህርት ቤት አንድ ዓመት አይውልም።

በ1995 ዓ.ም. ወደ ሴኔጋል ተመለሱ። ዳካርን ትተው ቱባብ ጃላውን መረጡ። «ቱባብ» በወሎፍ ቋንቋ ነጭ ሰው ማለት ነው። ነዋሪዎቹ ሌቡ የሚባሉ ጥንታውያን የባሕር ዳር ሰዎች ሲሆኑ፥ በቀለም ባጌጡ ረጃጅም የእንጨት ጀልባዎቻቸው ዓሣ እያጠመዱ ይኖራሉ። መንደሯ ለኪነ ጥበብ ባዳ አልነበረችም። ከሄይቲ የመጡት ባለ ቅኔና ቀራጭ ዤራር ሼኔ «ሶቦ ባዴ» የሚባለውን የእንግዳና የጥበብ ቤታቸውን በዚያው ሠርተው ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ትምህርቱ ተጀመረ። ልብ በሉ፤ የተጀመረው ትምህርቱ ነው፥ ሕንፃው አልነበረም። ሕንፃው ተሠርቶ ያለቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ተማሪዎች ባለው ቦታ ሁሉ እየተማሩ፥ ግንቡ በጎን በኩል ቀስ በቀስ ይነሣ ነበር። በብዙ ቦታ የምናየው የዚህን ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ሕንፃው ይሠራል፥ ሪባኑ ይቆረጣል፥ ከዚያ አስተማሪ ይፈለጋል።

የአሸዋው ትምህርት

ዛሬ በኮረብታው ላይ የተማሪዎች ማደሪያ ቤቶችና የዳንስ አዳራሾች ይታያሉ። ከአዳራሾቹ ዋነኛው በአያቲቱ ስም «አሎፎ» ተብሎ ተሰይሟል። በዓይናቸው ያላዩዋቸው የልጅ ልጅ ስማቸውን በትምህርት ቤት ላይ ጻፉላቸው ማለት ነው። ሥልጠናው የሚካሄድበት ወለል አሸዋ ነው፤ ከወዲያ ባሕሩ ይታያል።

አሸዋ ላይ መደነስ ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ በባሕር ዳር አሥር ደቂቃ ሮጦ ይሞክረው። አሸዋ እግርን ይውጣል። በእንጨት ወለል ላይ አንድ ጊዜ ገፍቶ የሚዘልል ሰው በአሸዋ ላይ ሁለት እጥፍ መግፋት አለበት። ባትና ጭን ይደክማሉ፤ ሚዛን መጠበቅ ያስቸግራል። በሌላ በኩል ግን አሸዋ ሲያወርድ ርኅሩኅ ነው፤ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን አይመታም። በአሸዋ ላይ የሠለጠነ ዳንሰኛ በየትኛውም መድረክ ቢቆም እግሩ መሬቱን ያውቀዋል።

የወይዘሮ ዤርሜን ዘዴ መነሻው አከርካሪ ነው። አከርካሪውን «የሕይወት እባብ» ይሉታል። የባሌ አስተማሪ ጀርባን እንደ ምሰሶ ቀጥ አድርጎ ሲያቆም፥ እሳቸው ከጭራ አጥንት እስከ ማጅራት እንደ ማዕበል እንዲፈስ ያስተምራሉ። ዋና ዋናዎቹ እንቅስቃሴዎች ሦስት ናቸው፤ እንደ ማዕበል መወዛወዝ፥ መኮማተርና መንቀጥቀጥ። ሦስተኛውን ለእኛ አገር አንባቢ ለማስረዳት ብዙ አልቸገርም። እስክስታ የሚመታውን ሰው ትከሻና ደረት ያየ ሰው መንቀጥቀጥ ጥበብ መሆኑን ያውቃል።

ለአካል ክፍሎችም ስም አላቸው። ደረት ፀሐይ ነው፤ መቀመጫ ጨረቃ ነው። ፀሐይዋን ወደ ፊት አብሪ፥ ጨረቃዋን ወደ ኋላ አዙሪ ሲባል ተማሪዋ ወዲያው ይገባታል። የእንቅስቃሴዎቹም ስሞች የተወሰዱት ከዛፍና ከአበባ፥ ከእንስሳና ከዕለት ሥራ ነው። ግዙፉ የምዕራብ አፍሪካ ዛፍ «ፍሮማዤ» አንዱን የአቋቋም ዓይነት ይሰይማል። እግሩ ሥር ነው፥ ጀርባው ግንድ ነው፥ ክንዱ ቅርንጫፍ ነው። ስም መስጠት ትንሽ ነገር አይደለም። ስም የሌለው ነገር ሊጠራ አይችልም፤ ሊጠራ ያልቻለ ነገር ደግሞ ሊታረምም ለሌላ ሊተላለፍም አይችልም። አስተማሪ የሆነ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ተማሪው የተሳሳተበትን ነገር በስሙ ካልነገሩት «እንደገና ሥራው» ቢሉት ያንኑ ስሕተት ይደግማል።

ተማሪዎቹ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ፥ ብዙዎቹም በየአገራቸው ዳንስን ሥራዬ ብለው የያዙ ወጣቶች ናቸው። ሥልጠናው አንዳንዴ ጥቂት ሳምንት፥ አንዳንዴ እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ሁሉ በአንድ ግቢ ይኖራሉ፥ በአንድ ማዕድ ይበላሉ። ቅኔ ለመቁጠር ከአውራጃ አውራጃ ተሻግሮ በመምህሩ ደጅ ጎጆ የሚቀልስ የቆሎ ተማሪ ያለበት አገር ሰው ይህን ሥርዓት አያደንቀውም ይሆናል። ዕውቀቱ ባለበት ቦታ መኖር የትምህርቱ እኩሌታ መሆኑን ከጥንት እናውቃለንና።

ከትምህርቱ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ግን ተማሪው አስተማሪ የሚሆንበት ሰዓት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የአገሩን አንድ ባህላዊ ዳንስ ለጓደኞቹ ያስተምራል። የማሊው ለሩዋንዳው፥ የሩዋንዳው ለናይጄሪያው። በዚህ ጊዜ ወጣቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ሳያስብ ሲያደርገው የኖረውን ነገር አሁን ለባዕድ ማስረዳት ግድ ይሆንበታል። ምቱ የት ይጀምራል? ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ ነው? ይህ ዳንስ የሚደነሰው ለመከር ነው ወይስ ለለቅሶ? መልሱን ካላወቀ ወደ አገሩ ሲመለስ ሽማግሌዎቹን ይጠይቃል። ትምህርት ቤቱ እንዲህ እያደረገ ወጣቱን ወደ ገዛ መንደሩ ይልከዋል።

ይሁን እንጂ ወይዘሮ ዤርሜን ባህልን እንደ ሙዚየም ዕቃ በመስተዋት ውስጥ አስቀምጦ መጠበቅን አይወዱም። የትምህርት ቤታቸው ሙሉ ስም «ዓለም አቀፍ የባህላዊና የዘመናዊ የአፍሪካ ዳንስ ማዕከል» መሆኑም ለዚህ ነው። ባህላዊውን የሚያውቅ ሰው አዲስ ይድረስ፥ የማያውቅ ግን ምን ላይ ቆሞ ይደርሳል? የሚል ሐሳብ ነው ያላቸው።

ከመንደር ወደ ዓለም መድረክ

ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ዓመት «ጃንት ቢ» የተባለ የዳንስ ጓድም ተቋቋመ። ስሙ በወሎፍ «ፀሐይ» ማለት ነው። ይህ ጓድ ካቀረባቸው ሥራዎች አንዱን ብቻ ልጥቀስ። በ2004 ዓ.ም. የቀረበው «ፋጋላ» የ1994ቱን የሩዋንዳ የዘር ማጥፋት የሚመለከት ሲሆን፥ መነሻው የሴኔጋላዊው ደራሲ የቡባካር ቦሪስ ዲዮፕ ልብ ወለድ ነው። ሥራውን ከወይዘሮ ዤርሜን ጋር የደረሰው ጃፓናዊው ኮታ ያማዛኪ ነው፤ የደነሱት ወንዶች ብቻ ናቸው። በቃል ሊነገር የሚከብደውን ነገር በአካል ለመንገር የሞከረ ሥራ ነው። ሁለቱ ደራስያን በ2007 ዓ.ም. በኒው ዮርክ «ቤሲ» የተባለውን የዳንስ ሽልማት ተቀበሉ።

ስለ ትምህርት ቤቱ ዓለም ይበልጥ ያወራው ግን ከ2020 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የስትራቪንስኪ ሙዚቃ የሆነው «የፀደይ ቅዱስ ሥርዓት» በ1913 ዓ.ም. በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ተመልካቹን እንዳወከ የሙዚቃ ታሪክ የተማረ ሁሉ ያውቃል። ለፀደይ መምጣት ስትል እስክትሞት ድረስ እንድትደንስ የምትመረጥ የአንዲት ልጃገረድ ታሪክ ነው። ጀርመናዊቷ የዳንስ ደራሲ ፒና ባውሽ በ1975 ዓ.ም. በጥቁር አፈር በተሸፈነ መድረክ ላይ የራሷን ድርሰት አቀረበችበት። ይህንኑ ድርሰት ከ14 የአፍሪካ አገሮች የተመረጡ 38 ዳንሰኞች እንዲደንሱት ታስቦ ልምምዱ በቱባብ ጃላው ተደረገ።

ሁሉ ተሟልቶ በዳካር ሊታይ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ መጋቢት 2020 ላይ የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ዘጋ። ዳንሰኞቹ ወደየአገራቸው መመለስ ነበረባቸው። ከመለያየታቸው በፊት ግን በመሸ ሰዓት ወደ ባሕሩ ዳር ወርደው፥ ያለ ተመልካች፥ በአሸዋው ላይ ድርሰቱን ደነሱት። ካሜራም ይህን ቀረጸው። መድረክ የለም፥ መብራት የለም፥ መጋረጃ የለም፤ ማዕበሉና የምትጠልቀው ፀሐይ ብቻ። ፊልሙን ያየ ሁሉ አሸዋው ከመድረኩ ጥቁር አፈር ይልቅ ለዚህ ድርሰት እንደ ተፈጠረ ሊመስለው ይችላል። በ2021 ዓ.ም. ጓዱ ከማድሪድ ጀምሮ በአውሮፓ፥ በ2023 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ አቀረበው።

በዚያው በ2021 ዓ.ም. የቬኒስ ቢየናሌ ለወይዘሮ ዤርሜን ለዕድሜ ልክ ሥራቸው የወርቅ አንበሳ ሽልማት ሰጣቸው።

የውርስ ነገር

ልጃቸው ፓትሪክ አኮኚም ዳንሰኛና የዳንስ ደራሲ ነው። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም «ኮኩማ» የሚባለውን የዳንስ ጓድ መርቷል። በፓሪስም ስለ ዳንስ አጥንቶ የዶክትሬት ማዕርግ አግኝቷል። በኋላም በቱባብ ጃላው የትምህርት ቤቱ የኪነ ጥበብ ኃላፊ ሆኖ እስከ 2020 ዓ.ም. አካባቢ ሠርቷል። እናት ያስተምሩ፥ ባል ያስተዳድሩ፥ ልጅ ይመራ ነበር። ለመሠረቱ ጥንካሬ ምክንያቱ አንዱ ይህ ነው። ቤተ ሰብ በዝውውር ደብዳቤ አይበተንም፤ በጀት አለቀ ብሎም ሥራውን አይለቅም። ሙድራ አፍሪክ ያጣው ይህን ነው።

ነገር ግን የቤተ ሰብ ሥራ የራሱ ድካም አለው። መሥራቾቹ ያረጃሉ። ዕዳው የቤተ ሰብ ዕዳ፥ ጭንቀቱም የቤተ ሰብ ጭንቀት ይሆናል። ልጅ የእናቱን ጥላ ተሸክሞ መኖር ይከብደዋል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ «ከእነሱ በኋላስ?» የሚለው ጥያቄ አለ። ብዙ የቤተ ሰብ ድርጅት በዚህ ጥያቄ ላይ ይሰናከላል፤ ውርሱ በሥጋ ብቻ የሚተላለፍ ይመስለዋልና።

የቱባብ ጃላው ቤተ ሰብ የሰጠው መልስ የሚደነቅ ነው። ከ2020 ዓ.ም. ወዲህ የኪነ ጥበብ ኃላፊነቱ ከቤተ ሰቡ ወጥቶ ለሁለት ወጣት አስተማሪዎች ተላለፈ። አንዷ በዚምባብዌ ተወልዳ በብራስልስ ያደገችው አሌሳንድራ ሴውቲን ናት። ሁለተኛው ሩዋንዳዊው ዌስሊ ሩዚቢዛ ነው። ሁለቱም የወይዘሮ ዤርሜን ዘዴ ተማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ የተደረገው ነገር ለባዕድ መስጠት አይባልም። በእኛ ቋንቋ የቀለም ልጅ የሚባል ነገር አለ፤ ውርሱ የሄደው ለቀለም ልጅ ነው። አያት ለልጅ ልጅ፥ እናት ለልጅ፥ አስተማሪ ለተማሪ! ዕውቀት ከአንድ ቤት እንዳይጠፋ ከፈለጉ በሩን መክፈት ሊያስፈልግ ነው።

ከባሕሩ የሚመጣው

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በመልካም ተፈጸመ ብዬ ብደመድም ደስ ይለኝ ነበር። ግን አልተፈጸመም።

ቱባብ ጃላው ፀጥ ያለች የገጠር መንደር በነበረች ጊዜ መሬት ርካሽ ነበር። ዳካር ግን እየሰፋች ወደ እሷ መጣች። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አዲሱ የብሌዝ ዲያኝ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከመንደሯ ብዙም በማይርቅ ቦታ ተከፈተ። በዚያው አቅጣጫ ዲያምኒያዲዮ የሚባል አዲስ ከተማ እየተገነባ ነው። በጥር 2022 ዓ.ም. ደግሞ በጎረቤቷ መንደር በንዳያን የትልቅ ወደብ መሠረት ድንጋይ ተጣለ። ሥራውን የያዘው «ዲ ፒ ወርልድ» የተባለው የዱባይ ኩባንያ ሲሆን፥ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚወጣበት ተነግሯል።

ወደብ ለአገር ይጠቅማል፤ ይህን የሚክድ የለም። የዳካር አሮጌ ወደብ ተጨናንቋል፤ ወጣቱም ሥራ ይፈልጋል። ዓሣ አጥማጁ ግን ጀልባውን የት ያቆማል? ገበሬው እርሻው ሲወሰድበት ካሣው ስንት ነው? ትምህርት ቤቱስ፥ የሚኖርበት ፀጥታና የሚደንስበት ዳርቻ ሲለወጥ ምን ይሆናል? የመሬቱ ዋጋ ሲያድግ የመንደሩ ሰው እየሸጠ ይሄዳል። መንደሩ ከሄደ ደግሞ የቀረው አሸዋ ብቻ ነው። ከመንደሩ የተለየ የመንደር ትምህርት ቤት ሊኖር አይችልም።

የገንዘቡም ነገር ቀላል አይደለም። ከድሃ አገር የመጣ ወጣት ዳንሰኛ ለሦስት ወር ምግብና ማደሪያ የሚከፍል ገንዘብ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የሚኖረው ከጉዞ በሚገኝ ገቢና በአብዛኛው የውጭ አገር ድርጅቶች በሚሰጡት እርዳታ ነው። እርዳታ ደግሞ እንደ ባሕር ውሃ ነው፤ ይመጣል፥ ይሸሻል። የአፍሪካን ዳንስ የሚያከብር የአውሮፓ መድረክ ሲገኝ፥ የአፍሪካ ባለ ጸጎችና መንግሥታት ከኋላ ሊቀሩ አይገባም ነበር።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የፕሬዚዳንቱ ትምህርት ቤት ወድቆ የባልና የሚስቱ የቆመው ስለ ምን ነው? የመጀመሪያው የቆመው በትእዛዝና በበጀት ላይ ነበር፤ ሁለተኛው የቆመው በየቀኑ ማለዳ ተነሥቶ በሚያስተምር ሰው ላይ ነው። ይህ ማለት ግን መንግሥት እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ሙድራ አፍሪክ ባይኖር ኖሮ ወይዘሮ ዤርሜን የተቋምን አመራር ከየት ይማሩ ነበር? ቤተ ሰብ ሊጀምር ይችላል፥ ሊታገሥም ይችላል። ወደብና አውሮፕላን ማረፊያ ሲመጣ ግን መሬቱን የሚያስከብር ሕግ ያስፈልገዋል፤ ያም ሥራ የመሥሪያ ቤት ሰው ሥራ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት ነገ በአንድ የወረዳ ወይም የሚኒስቴር ጽሕፈት ቤት ተቀምጠህ፥ አንድ ሽማግሌና ባለቤቱ በገዛ ግቢያቸው ያቆሙትን ትንሽ የጥበብ ቤት የሚመለከት ማመልከቻ በጠረጴዛህ ላይ ታገኝ ይሆናል። ወረቀቱ ትንሽ፥ ማኅተሙም የደበዘዘ ይሆናል። ከመዝገብ ቤት ከመላክህ በፊት ግን ያ ቤት ስንት ዓመት እንደ ቆየና ማን እንዳቆመው ጠይቅ።